በካሳ ክርክር ድምሩን ሳይሆን ስሌቱን እንጠይቅ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በትራፊክ አደጋ፣ በውል አለመፈጸምና በመሳሰሉት ምክንያት የሚነሱ የካሳ ክርክሮች ወደ ጋዜጣ ሲመጡ ዜናው የሚያልቀው ብሩ ላይ ነው። ይህን ያህል ተጠየቀ፣ ይህን ያህል ተፈረደ። ቁጥሩን ያመጣው ባለሙያ ምን ሰነድ አይቶ፣ ምን ቀንሶ፣ ምን አባዝቶ እንደደረሰበት አይነገርም። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ደግሞ ጋዜጠኛው ስለዘለለው ሳይሆን መዝገቡ ውስጥም ስለሌለ ነው። ይህን የምንጽፈው የጠፋ ገቢና የጠፋ ጥቅም ማስላት ሥራችን የሆነ የሒሳብ ባለሙያዎች ነን።

ሕጉ መነሻውን አስቀምጧል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል። ቁጥር 2092 ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል። ቁጥር 2102 ደግሞ የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ፍርድ ቤቱ በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ መስሎ በታየው መጠን፣ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጣል። ርትዕ የተቀመጠው ሊሰላ ለማይችል ጉዳት ነው፤ በተግባር ግን ሊሰላ እየቻለ ማንም ቁጭ ብሎ ያላሰላው ጉዳት ሁሉ የሚገባበት ሆኗል። ከሳሽ አንድ ሚሊዮን ይላል፣ ተከሳሽ ምንም አልጎደለበትም ይላል፣ ባለሙያው ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ያቀርባል፣ ዳኛው ሁለቱንም ሳያምን መሐል ላይ ያለ ክብ ቁጥር ይወስናል። ዳኛውን መውቀስ ከባድ ነው፤ በእጁ ያለው ያ ብቻ ነውና።

በብዛት የሚያጋጥመውን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ጅማ የሚመላለስ የአይሱዙ ጭነት መኪና በሌላ ተሽከርካሪ ጥፋት ተገጭቶ ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ 120 ቀን ቆመ። ባለቤቱ ጥገናው እንዲከፈለው ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ የተቋረጠ ገቢ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ከትራንስፖርት ማኅበር «የዚህ ዓይነት ተሽከርካሪ በቀን በአማካይ 9,000 ብር ያስገባል» የምትል ደብዳቤ ይያያዛል። 9,000 በ120 ሲባዛ 1,080,000 ብር ይመጣል። የክሱ ቁጥር ይህ ነው። (ቁጥሮቹን የመረጥናቸው ስሌቱን ለማሳየት ነው፤ አሠራሩ ግን በየመዝገቡ የሚታየው ነው።)

ይህ ድምር ቢያንስ ሦስት ስህተት ተሸክሟል። የመጀመሪያው፣ 9,000 ብር የሽያጭ ገቢ ነው እንጂ ባለቤቱ ኪስ የሚገባ ገንዘብ አይደለም። መኪናው ሲቆም ገቢው ብቻ ሳይሆን ወጪውም ቆሟል። አንድ ደርሶ መልስ ጉዞ 34,000 ብር ያስገባል እንበል። መንገዱ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪናው በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 175 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል። ሊትሩን ለስሌት እንዲቀል 100 ብር ብንይዘው 17,500 ብር ነው። የሾፌርና የረዳት የጉዞ አበል 2,400፣ የጫኝና አውራጅ እንዲሁም የደላላ 1,800፣ በኪሎ ሜትር የሚታሰብ የጎማ፣ የዘይትና የሰርቪስ ድርሻ 2,800። ሲደመር 24,500 ብር። ከአንድ ጉዞ የቀረበት እንግዲህ 9,500 ብር ነው። በወር 8 ጊዜ ከተመላለሰ የወር ኪሳራው 76,000 ብር እንጂ 270,000 አይደለም።

ሁለተኛው ስህተት የጉዞው ብዛት ነው። «በአማካይ» የሚለው ቃል ክረምትና በጋን አይለይም። የጅማ መስመር በቡና ወቅት፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጭነት ሲያጣ አይታይም፤ በሐምሌ ግን መኪና ጭነት ይጠብቃል። መኪናው የቆመው በክረምት ከሆነ መመሳከር ያለበት ካለፈው ዓመት ክረምት ጋር ነው። ይህንን ለማረጋገጥ ዛሬ ጥሩ መሣሪያ አለ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ግብይት በቴሌብርና በመሳሰሉት ዲጂታል መንገዶች እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ የመኪናው የነዳጅ ክፍያ ታሪክ በስልክ ላይ ተቀምጧል። ባለሙያው ያለፈውን ዓመት የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ክፍያ ያስወጣል፤ ብሩን በወቅቱ የናፍጣ ዋጋ ያካፍላል፤ ሊትሩን ለ175 ያካፍላል። በወር 1,050 ሊትር ከወጣ ጉዞው 6 እንጂ 8 አልነበረም። ይህ ከጭነት ሰነዶቹና ከኬላ ደረሰኞቹ ጋር ከተስማማ ቁጥሩ ቆመ ማለት ነው። ካልተስማማ ልዩነቱን የሚያስረዳ ምክንያት መገኘት አለበት፤ አንዳንዴ መኪናው ሌላ መስመር ሲሠራ ነበር፣ አንዳንዴ ደግሞ ነዳጁ የተቀዳው በሌላ ሰው ስልክ ነው።

ሦስተኛው የቀኑ ርዝመት ነው። 120 ቀን መቆሙ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥፋተኛው የሚጠየቀው ግን ለመጠገኛ በአግባቡ ለሚያስፈልገው ጊዜ ነው። የኢንሹራንስ ገማቹ መጥቶ ያየበት ቀን፣ ፕሮፎርማ የተሰበሰበበት ቀን፣ ጋራዥ የገባበት ቀን፣ ዕቃው የተገኘበት ቀን፣ የወጣበት ቀን በተራ ይደረደራሉ። እንዲህ ሲደረደሩ ከ120ው ውስጥ 45ቱ ባለቤቱ በጋራዥ ምርጫ ሲከራከር ወይም ክፍያ ሲያዘገይ ያለፉ ሆነው ይገኙ ይሆናል። የቀረው 75 ቀን፣ ማለትም ሁለት ወር ተኩል ነው። በወር 6 ጉዞ 15 ጉዞ ይሆናል፤ በ9,500 ሲባዛ 142,500 ብር። ለመቆየቱ ምክንያት የሆነው የመለዋወጫ እጥረት ከሆነ ግን ቀኑ አይቀነስም፤ ዕቃ ከገበያ መጥፋቱ የባለቤቱ ጥፋት አይደለም። በዚያው ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ወይም ናፍጣ ጠፍቶ ሌሎቹም መኪኖች ቆመው ከነበረ እነዚያ ቀናት ይወጣሉ፤ አደጋው ባይደርስም አይሠራባቸውም ነበርና።

ከ1,080,000 ወደ 142,500 መውረዱ ለተከሳሽ ያደላን ያስመስል ይሆናል። የተከሳሽ ባለሙያ የሚሠራው ስህተት ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ያው ነው። መኪናው ቆሞም የሚከፈለውን ወጪ ይቀንሳል፦ የኢንሹራንስ አረቦን፣ ቦሎ፣ የሾፌር የወር ደመወዝ፣ የእርጅና ቅናሽ። እነዚህ በወር 30,000 ብር ቢሆኑ በሁለት ወር ተኩል 75,000 ብር ከባለቤቱ ላይ ያለአግባብ ይወሰዳል፤ ካሳው 67,500 ይሆናል። ልክ የሚሆነው መለኪያ ቀላል ነው፦ መኪናው በመቆሙ የዳነ ወጪ ይቀነሳል፣ ቆሞም የተከፈለ ወጪ አይቀነስም። ሾፌሩ ተሰናብቶ ከነበረ ደመወዙ የዳነ ወጪ ነው፤ የደመወዝ መክፈያው ተጠይቆ ሳይታይ ግን በግምት አይባልም። ከሳሾችም በበኩላቸው የመኪናውን የባንክ ብድር ወለድ በተቋረጠው ገቢ ላይ ደርበው ይጠይቃሉ። ወለዱ የሚከፈለው ከዚያው ከ9,500ው ውስጥ ነበር፤ ሁለቱን መጠየቅ አንዱን ጉዳት ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። መኪናው ከጥቅም ውጭ ሆኖ ሙሉ ዋጋው ከተጠየቀም የተቋረጠው ገቢ የሚታሰበው ሌላ መኪና ለመግዛት በቂ እስከሆነው ጊዜ ድረስ ብቻ ነው።

አሁን ማንም ሊያነሳው ወደማይወደው ነገር እንምጣ፦ ግብር። አንድ ነጋዴ ለገቢዎች ያሳወቀው ዓመታዊ ትርፍ 90,000 ብር፣ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው የወር ትርፍ ደግሞ 100,000 ብር ነው እንበል። ባለሙያው ይህንን አይቶ እንዳላየ ካለፈ ምስክርነቱ በመስቀለኛ ጥያቄ የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ያበቃል። ማድረግ ያለበት የማስታረቂያ ሠንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል ለግብር የተገለጸው፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያውና የሽያጭ መመዝገቢያው የዜድ ሪፖርት (የቀኑን ሽያጭ ድምር የሚያወጣው ወረቀት)፤ በሌላ በኩል የባንክ ገቢ፣ የጭነት ሰነድና የነዳጅ ክፍያ፤ በመካከላቸው ልዩነቱና የልዩነቱ ምክንያት። በቁርጥ ግብር፣ ማለትም ያለ ሒሳብ መዝገብ በግምት በተጣለበት ግብር፣ ሲከፍል ለኖረ ሰው የግብር ወረቀቱ ስለ እውነተኛ ገቢው ብዙ አይናገርም፤ ይህ በግልጽ ተጽፎ ሌላው ማስረጃ ሊቀርብ ይገባል። መዝገብ ይዞ አሳንሶ ያሳወቀ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛውን እንደሚቀበል መወሰን የፍርድ ቤቱ ነው፤ የባለሙያው ሥራ ሁለቱንም አስልቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ባለሙያዎች ፈሪ ሆነናል ብንል አናጋንንም፤ ደንበኛ እንዳይቀየም ሰንጠረዡን እናስቀራለን።

ሌላው ወጥመድ የዋጋ ወቅት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ የናፍጣም፣ የጎማም፣ የመለዋወጫም፣ የጭነትም ዋጋ በየፊናው ተነስቷል፤ እኩል ግን አልተነሳም። ከዚያ በፊት የነበረን ወጪ ከዚያ በኋላ ካለ የጭነት ዋጋ ላይ የቀነሰ ሪፖርት ትርፉን ያሳብጠዋል፤ የተገላቢጦሹ ያሟሽሸዋል። የጉዞውን ብዛት ካለፈው ዓመት ውሰዱ፤ ዋጋውን ግን ገቢውንም ወጪውንም መኪናው ከቆመባቸው ወራት ውሰዱ።

የሞት ጉዳት ሲሆን ስሌቱ ይረዝማል፣ ስህተቱም ይከብዳል። በቁጥር 2095 መሠረት ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች የሚጠይቁት ሟች በመሞቱ በራሳቸው ላይ የደረሰውን ቁሳዊ ጉዳት ነው። ስለዚህ መነሻው የሟች ጠቅላላ ደመወዝ አይደለም፤ ግብርና 7 በመቶው የሠራተኛ የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ፣ ሟች ለራሱ ያውለው የነበረውም ተቀንሶ ለቤተሰቡ ይተርፍ የነበረው ነው። የተጣራ 14,000 ብር የሚያገኝ የ42 ዓመት ሰው 30 በመቶውን ለራሱ ያውል ነበር ብንል ለቤተሰቡ በወር 9,800፣ በዓመት 117,600 ብር ይቀራል። ጡረታ መውጫው 60 ዓመት ስለሆነ 18 ዓመት ቀርቶት ነበር። ብዙ ሪፖርቶች እዚህ ላይ ያባዙና 2,116,800 ብር ብለው ይፈርማሉ።

የወደፊት ገንዘብ ዛሬ በአንድ ጊዜ ሲከፈል ግን ባንክ ገብቶ ይወልዳል፤ በሌላ በኩል ደመወዙም ባለበት አይቆምም ነበር፣ ኑሮውም ይወደድ ነበር። ስለዚህ ወሳኙ የቅናሽ መጣኔው (የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ለመመለስ በዓመት የሚቀነሰው መቶኛ) ከደመወዝ ዕድገቱ የሚበልጥበት ልዩነት ነው። ልዩነቱ 2 በመቶ ከሆነ የዛሬ ዋጋው ወደ 1,763,000 ብር ይመጣል፤ 5 በመቶ ከሆነ ወደ 1,375,000፤ የደመወዝ ዕድገቱን ዜሮ አድርጎ በ10 በመቶ የቀነሰ ሰው ደግሞ ወደ 964,000 ብር ያወርደዋል። አንድ ሟች፣ አንድ ደመወዝ፣ አንድ ቤተሰብ ነው፤ ቁጥሩ በእጥፍ የሚለያየው ግን ሪፖርቱ ውስጥ አንድ መስመር በማትሞላ ምርጫ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ጥያቄ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ጆንስ ኤንድ ላፍሊን ስቲል ከፋይፈር ጋር ባደረጉት ክርክር ላይ አይቶ፣ የዋጋ ንረት ከወጣለት በኋላ ከ1 እስከ 3 በመቶ ያለ መጣኔ የመረጠን ፍርድ ቤት ውሳኔ እንደማይሽር ተናግሯል። የእነሱ ቁጥር ለእኛ ኢኮኖሚ ይሠራል ማለታችን አይደለም። የዋጋ ንረት ከባንክ ወለድ በላይ በሚሆንባቸው ዓመታት እንዲያውም ልዩነቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። የእኛ ጥያቄ ባለሙያው የመረጠውን መጣኔ፣ ምንጩንና ሌላ ቢመርጥ የሚመጣውን ውጤት በአንድ ሠንጠረዥ እንዲያሳይ ነው።

የልጆችንም ድርሻ ለየብቻ ማስላት ያስፈልጋል፤ የ16 ዓመቱና የ3 ዓመቱ እኩል ዘመን አይረዱም። የቤተሰቡ የጡረታ አበል ከካሳው ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚለው የሕግ ጥያቄ ስለሆነ ሁለቱም ውጤት ይቅረብ። የሞራል ካሳ ግን የባለሙያ ጉዳይ አይደለም፤ ሕጉ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም ብሎ በ1952 የወሰነው ዛሬም እንደተጻፈ ስላለ የሚሰላ ነገር የለውም። (1,000 ብር ያኔ ምን ይገዛ እንደነበር ማስላት ለሚፈልግ ግን አስደሳች ሥራ ነው።)

በውል ክርክር መለኪያው ቁጥር 1799 ነው፤ ውሉ ባለመፈጸሙ በተለምዶ የሚደርሰው ጉዳት ይካሳል። ተጎጂው ጉዳቱ እንዳይበዛ የሚቻለውን ማድረግ እንዳለበት ቁጥር 1802 ስለሚደነግግ፣ አቅራቢ የከዳው ነጋዴ ከሌላ መግዛት እየቻለ ከተቀመጠ የተቀመጠበት ጊዜ አይታሰብለትም። የዘገየው የገንዘብ ዕዳ ከሆነ በቁጥር 1751 የተቀመጠው 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ስላለ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

አብዛኛው ብልሽት የሚጀምረው ግን ባለሙያው ሥራውን ከመንካቱ በፊት፣ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 136 ልዩ አዋቂ (ባለሙያ) እንዲሾም ይፈቅዳል። የሚጻፈው ትእዛዝ ግን ብዙ ጊዜ «ከሳሽ የደረሰበት የገቢ መቋረጥ በባለሙያ ተጣርቶ ይቅረብ» የሚል ነው። በዚህች ዓረፍተ ነገር ባለሙያው የቀኑን ርዝመት፣ የጥፋቱን ድርሻ፣ የትኛው ማስረጃ ይታመን የሚለውን ሁሉ እንዲወስን ተጋብዟል፤ የዳኝነቱን ሥራ ሳያውቀው ይሠራል። ትእዛዙ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ተሽከርካሪው ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ በቆመበት ጊዜ፣ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጉዞዎች ተነስቶ፣ በመቆሙ የዳነው ወጪ ተቀንሶ የቀረው ገቢ በጉዞ ስንት እንደሆነ፤ ለጥገና በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ 60፣ 75 ወይም 120 ቀን ቢሆን ድምሩ ስንት እንደሚሆን፤ የታዩት ሰነዶች ዝርዝርና ተጠይቀው ያልቀረቡት ተያይዘው ይቅረብ።» ያልቀረቡት የሚለው ቃል አይዘለል። ከሳሽ የባንክ መግለጫውን ከልክሎ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ማወቅ አለበት።

ሪፖርቱ ከመሰማቱ በፊት ለሁለቱም ወገን ከነስሌቱ ይድረስ፤ በኤክሴል ከተሠራ ቀመሩ ያለበት ፋይል እንጂ የታተመው ገጽ ብቻ አይበቃም። ከቀመሩ ውስጥ አንዱ ቁጥር በእጅ ተጽፎ የገባ እንደሆነ የሚታየው እዚያ ብቻ ነው። ባለሙያው ቀርቦ በቃሉ ይመስክር፣ በመስቀለኛ ጥያቄም ይፈተን፤ በፍርድ ቤቱ የተሾመ መሆኑ ከጥያቄ አያድነው። ለጠበቆች አንድ ምክር አለን። «ልምድህ ስንት ዓመት ነው?» እያላችሁ ጊዜ አትጨርሱ። «ይህን ቁጥር ከየትኛው ሰነድ ወሰድከው? ገጹን አሳየን» በሉ፤ ቀጥላችሁ «ይህ ግምት ባይኖር ድምሩ ስንት ይሆን ነበር?» በሉ። ሥራውን ራሱ የሠራ ባለሙያ ለሁለቱም በደቂቃ ይመልሳል። ረዳቱ የሠራለትን የፈረመ ግን ወረቀት ማገላበጥ ይጀምራል።

አሜሪካኖች የፌዴራል የማስረጃ ደንባቸውን ቁጥር 702 በታኅሣሥ 2023 (እ.አ.አ.) ሲያሻሽሉ ምስክሩን ያቀረበው ወገን የባለሙያው አስተያየት በበቂ መረጃና በታመነ ዘዴ ላይ የተመሠረተ መሆኑን፣ ዘዴውም በጉዳዩ ላይ በአግባቡ መዋሉን ሚዛን በሚደፋ መጠን እንዲያሳይ በግልጽ ጽፈዋል። እኛ ዘንድ ይህንን ለመጠየቅ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያሻም፤ ማስረጃውን መመዘን ቀድሞም የዳኛው ሥልጣን ነው።

የመጨረሻው ክፍያ ነው። ከሚፈረደው ካሳ ላይ በመቶኛ የሚታሰብ ክፍያ የተቀበለ ባለሙያ ምስክር ሳይሆን የክሱ ሸሪክ ነው፤ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ የሰጣቸው ባለሙያዎች ቢያንስ በዚህ ላይ ለድርድር መቅረብ የለባቸውም። ክፍያው በሥራው ሰዓት ይታሰብ፣ መጠኑ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ፣ በፍርድ ቤት የተሾመ ከሆነ ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሬጅስትራር በኩል ገቢ ይደረግ። ከሳሽ በግሉ ከፍሎት ሪፖርቱን ከከሳሽ እጅ የተቀበለ «የፍርድ ቤት ባለሙያ» ካለ፣ ተከሳሹ መቃወሚያውን የሚያቀርበው ሪፖርቱ በተነበበበት ቀን ነው፤ ለይግባኝ አያቆየው።

ከአክብሮት ጋር፣
በካሳ ስሌት ላይ የሚሠሩ የሒሳብ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ